ሁለት ዓይነት ዳታ

“ለመሆኑ ልጅሽ ምን ልትማር ነው የምትሄደው?”

ፑትሊ ዲዲ፣ እትዬ ፑትሊ እንደማለት ነው፣ ይህን የጠየቀችው ጠዋት በቧንቧው ዙሪያ፣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ እንስራውን ደርድሮ ተራ በሚጠብቅበት ሰዓት ነበር። ቴክማያ አገሩ አውስትራሊያ እንደሆነ ታውቃለች። አንድያ ልጇ አኑፓ የእንግሊዝኛውን ፈተና እንዳለፈች፣ ታንሴን ከተማ ወዳለው አማካሪ ቢሮ በየሳምንቱ በሚኒባስ እንደምትመላለስም ታውቃለች። ምን እንደምትማር ግን አታውቅም።

የታችኛው መንደር ልጆች ሲሄዱ ነገሩ ቀላል ነበር። አንዷ ነርስ ልትሆን ሄደች። ነርስ መርፌ ትወጋለች፤ ይህን የማያውቅ የለም። አንዱ የሆቴል ሥራ ሊማር ሄደ። እናቱ፣ “እቤቱ አንድ ብርጭቆ አጥቦ የማያውቅ ልጅ ለሰው አገር ሳህን ሊያጥብ ትምህርት ቤት ገባ” እያለች ስታለቅስም ስትስቅም ሰነበተች። የቴክማያ ልጅ ግን ምን?

“ቢግ በሚል ነው የሚጀምረው” አለች ቴክማያ በመጨረሻ።

“ቢግ ነው ወይስ ቢኽ?” አለች ፑትሊ ዲዲ። በእኛ ቋንቋ፣ በኔፓልኛ፣ ቢኽ መርዝ ነው። “መርዝ ልትማር ከሆነ ምን ባሕር አሻገራት? የአማቴን የድንች ወጥ አንድ ቀን መቅመስ ይበቃት ነበር።”

ሴቶቹ ሳቁ። ቴክማያም አብራ ሳቀች፤ ውስጧ ግን አልሳቀም። እንስራዋን ሞልታ ዳገቱን ስትወጣ፣ እናት ሆና ልጇ የምትማረውን አለማወቋ እንደ እሾህ ወጋት። ባሏ ኳታር ነው። የሚጠየቅ ሌላ ሰው በቤቱ የለም። ለሚጠይቅ ሁሉ መልስ መስጠት ያለባት እሷ ናት።

አኑፓ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ በአንድ እጇ ስልኳን ትነካካለች፣ በሌላው የተደቆሰ ሩዝ ትቆረጥማለች።

“አኑፓ፣ ናኒ፣ ልጄ፣ የምትማሪው ነገር ስሙ ምንድን ነው?”

“ቢግ ዳታ፣ እማ” አለች አኑፓ፣ አፏ ሩዝ እንደሞላ።

የቴክማያ ፊት በራ። ይህን ቃል ታውቀዋለች! ከዋርካው ሥር፣ መንገደኛ ሸክሙን አውርዶ በሚያርፍበት ድንጋይ ላይ የተለጠፈ እብነ በረድ አለ። ከላይ በትልልቁ “ዳታ” ይላል፤ ሰጪ፣ ለጋስ ማለት ነው። ከሥሩ ማረፊያውን ያሠሩት ሰዎች ስም ተደርድሯል። የጎልማሶች ትምህርት አስተማሪያቸው ሳጉን ሚስ ክረምት ላይ ሴቶቹን ሁሉ እዚያ ወስዳ አስነብባቸው ነበር። ቴክማያ ጣቷን ከድንጋዩ ላይ አድርጋ “ዳ... ታ” ስትል፣ ከመጽሐፏ ውጭ በራሷ ያነበበችው የመጀመሪያው ቃል እሱ ሆነ። ያን ቀን ሣር አጭዳ ስትመለስ መንገዷን አዙራ፣ በዚያው በማረፊያው በኩል አልፋ፣ ደግማ አንብባዋለች።

እና ልጇ ትልቅ ሰጪ መሆንን ልትማር ነው!

“ይህን የሚያስተምር ትምህርት ቤት አለ?” አለች።

“ሞልቷል። አሁን ዓለም ሁሉ የሚፈልገው እኮ ይህን ነው።”

“ዓለም ሁሉ?”

“መንግሥት በይው፣ ባንክ በይው፣ ሆስፒታል በይው። የማይፈልግ የለም።”

ሰጪ የማይፈልግ ማን አለ፣ ብላ አሰበች ቴክማያ። “ከየት ነው ግን የሚመጣው?”

“ከሰው ነዋ፣ እማ። ሰው ሳይታወቀው ቀኑን ሙሉ ሲሰጥ ነው የሚውለው።” አኑፓ ይህን ብላ ወደ ስልኳ ተመለሰች።

ሳይታወቀው መስጠት! ከዚህ የበለጠ ጽድቅ ከየት ይመጣል? ቴክማያ ወደ በረቱ ሄዳ ለምታልባት ጎሿ እንኳ ከወትሮው አስበልጣ ሣር ጣለችላት።

በማግስቱ ቧንቧው ጋ ማንም ሳይጠይቃት ተናገረች። ሴቶቹ እንስራቸውን አቁመው ሰሟት።

“ትልቅ ሰጪ?” አለች ፑትሊ ዲዲ። “ታዲያ ይህን ከማን ወረሰችው? ካንቺ እንዳልል፣ አንቺ ጨው ስታበድሪ እንኳ በሁለት ጣትሽ ነው።”

“የጨው ነገር ሌላ ነው” አለች ቴክማያ ተቆጥታ።

“እሺ፣ ትምህርቱን ስትጨርስ ጨዉን ከሷ እበደራለሁ።”

የፑትሊ ዲዲን ጆሮ ያገኘ ወሬ ቁጭ ብሎ አያድርም። ሳምንቱ ሳያልቅ ካርቢር ባጄ፣ አያ ካርቢር እንደማለት ነው፣ የማረፊያው ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው፣ ባለ ቀለም ቆባቸውን አጥልቀው፣ ቢጫ የአበባ ጉንጉን ይዘው ግቢው ውስጥ ብቅ አሉ። ቴክማያ ቁርበት አነጠፈችላቸው፤ ወተት የበዛበት ሻይ አፈላች። አኑፓ ከከተማ መጥታ በሩን ስትከፍት፣ ባጄ ተነሥተው ጉንጉኑን በአንገቷ ላይ አኖሩት።

“ተባረኪ ልጄ። መንደራችንን አኮራሽው።”

“ገና ቪዛ አላገኘሁም፣ ባጄ።”

“ይገኛል። እኛ የመጣነው ለማረፊያው ጣራ እንድታሠሪለት ነው። አሁን አላልንም፤ ስትጨርሺ። ለስምሽም እብነ በረዱ ላይ ቦታ ይዘንልሻል፣ ከላይ ነው፤ ከጨርቅ ነጋዴው በላይ። ቅር ይለው ይሆናል፣ ምን ይደረግ።”

አኑፓ ጉንጉኑን በእጇ እንደያዘች አንዴ ሽማግሌዎቹን፣ አንዴ እናቷን አየች። ከዚያ ቀስ እያለ ገባት።

“እማ! ዳታ ስልሽ... ሰጪ መሰለሽ?”

ሳቋ ከሆዷ ነበር የመጣው። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ፣ አበባው እስኪረግፍ፣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

“መስጠት ደግሞ ምኑ ያስቃል?” አሉ ባጄ፣ ቆባቸውን እያስተካከሉ።

ቴክማያ የሻይ ትሪውን ይዛ ቆማለች። አኑፓ ቀና አለችና የእናቷን ፊት ስታይ ሳቋን ዋጠችው። ተነሥታ ትሪውን ተቀበለቻት፤ ለሽማግሌዎቹም ራሷ አስረዳች። ምላስ ጥርስን ስትነካ ዳታ ሰጪ ነው። ምላስ ተጠቅልላ ላንቃን ስትነካ ግን ዳታ ሌላ ነው፣ የእንግሊዝኛ ነው፤ ከሰዎች ኑሮ ተለቅሞ በኮምፒውተር የሚጠራቀም መረጃ ነው። ብዙ ሲሆን ነው ቢግ የሚባለው።

ባጄ ለጥቂት ጊዜ ምላሳቸውን አፋቸው ውስጥ ወዲያና ወዲህ አንቀሳቀሱ። “እና አትሰጪም ማለት ነው?”

“ሥራ ከያዝኩ እሰጣለሁ፣ ባጄ።”

“እንግዲያው ያው አይደለም? እኛ ከመጀመሪያም አልተሳሳትንም።” ሻያቸውን ጨርሰው፣ አበባውን ሳያስመልሱ ወጡ።

ቴክማያ ግን በማግስቱ ቧንቧው ጋ አልሄደችም። በሦስተኛው ቀንም አልሄደችም። አኑፓ ውኃውን ራሷ ቀድታ ስትመለስ፣ “ፑትሊ ዲዲ ጨው ላኩልኝ ብላለች” አለች።

“ተያት። ሰው ሁሉ ፊት አዋረድኩሽ” አለች ቴክማያ።

“እኔን? የተሳቀው ባንቺ ነው፤ ያውም የሳቅሁት እኔ ነኝ።” አኑፓ እንስራውን አወረደች። “ነገ ክፍላችሁ መጥቼ ለሁሉም በደንብ ላስረዳ?”

የሴቶቹ ትምህርት የሚሰጠው በእናቶች ማኅበር ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ የጠዋቱ ሥራ አልቆ የማታው ሣር ሳይታጨድ ነው። አኑፓ ገብታ ከሰሌዳው ጎን ቆመች። ሳጉን ሚስ ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን ጻፈቻቸው። ለጆሮ መንታ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ለዓይን ግን የሰጪው ፊደል ከታች ትንሽ ጭራ አለው፣ የኮምፒውተሩ ደግሞ የሥጋ መንጠቆ ይመስላል። ቴክማያ ሁለቱንም ቀዳች። መንጠቆውን ስትጽፍ እርሳሱን አጥብቃ ስለያዘችው ጫፉ ተሰበረ።

“ፑትሊ ዲዲ” አለች አኑፓ፣ “የላይኛው ቤት ሠርግ እንደሚቀር ከሁሉ ቀድመሽ እንዴት አወቅሽ?”

ፑትሊ ዲዲ ሳሪዋን ሰብስባ ተደላድላ ተቀመጠች። “ምን ያስቸግራል! ልጅቷ ከሚኒባስ የምትወርደው ማረፊያው ጋ ነበር፤ ድንገት አንድ ቦታ ቀድማ መውረድ ጀመረች። እናቷ ለሠርጉ የያዘችውን ፍየል አውጥታ ሸጠች። አጎትዬው ደግሞ ሰላም ስለው ደመና መቁጠር ጀመረ። እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ ስታያቸው...”

“በቃ! ይኼ ነው የምማረው።”

“ሐሜት?” አለች አንዷ ከኋላ።

“ሐሜት ሳይሆን ትንንሹን ነገር ሰብስቦ ትልቁን ማየት። ዲዲ የመንደሩን ቤቶች ታያለች፤ ኮምፒውተሩ የአገሩን ሁሉ ያያል።”

“ቆይ፣ ቆይ” አለች ፑትሊ ዲዲ። “ይህ ሥራ ደመወዝ አለው?”

“ጥሩ ደመወዝ አለው።”

ፑትሊ ዲዲ ወደ ሴቶቹ ዞረች። “ሰማችሁ? ዕድሜዬን ሙሉ በነጻ ስሠራላችሁ ኖሬያለሁ። አንዳችሁ እንኳ አመስግናችሁኝ አታውቁም።”

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ቴክማያም ሳቀች፤ ከአበባው ቀን ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። ከዚያ ጥያቄው ከየአቅጣጫው ዘነበ።

“ስትጨርሺ ግን ምን ተብለሽ ልትጠሪ ነው? ዶክተር አይደለሽ፣ ኢንጂነር አይደለሽ።”

“የዳታ ባለሙያ ነዋ። ሆስፒታል ከገባሁ የትኛው ወረዳ ላይ ተቅማጥ ሊነሣ እንደሆነ መድኃኒቱ ቀድሞ እንዲደርስ እናገራለሁ። የወንዝና የዝናብ መሥሪያ ቤት ከገባሁ ጎርፉ ከመምጣቱ በፊት። የወተት ማኅበር ከገባሁ ደግሞ ላሚቱ መታመሟ ሳይታይ፣ ወተቷ ሲቀጥን አይቼ።”

“ባንክስ?”

“ባንክ ማን ብድሩን እንደሚመልስ ማወቅ ይፈልጋል።”

“ለሱማ ፑትሊ ዲዲን ይቅጠሯት።”

“ባሌ ከማሌዥያ መቼ እንደሚደውልስ ይነግርሻል?” አለች ሌላዋ።

“እስካሁን የደወለባቸውን ቀኖች አይቶ መገመት ይችላል።”

“ብር ሲያልቅበት ነው። እሱንማ እኔም ገምቼዋለሁ።”

ሳቁ ሲበርድ ቴክማያ እጇን አነሣች። በክፍሉ ደንብ መሠረት ነው ያነሣችው፤ ለገዛ ልጇ።

“ይህ ሥራ እዚህ አገር አለ?”

አኑፓ ጠመኔውን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። “ካትማንዱ... ይኖራል፣ እማ። እየመጣ ነው።”

ሳጉን ሚስ በዚያ ሳምንት “አለ” እና “ይኖራል” የሚሉትን ለያይታ አስተምራቸው ነበር፤ አንዱ የታወቀ፣ ሌላው የተገመተ ነው። ከዚያ ክፍል የቤት ሥራውን አንድም ሳትሳሳት የሠራችው ቴክማያ ብቻ ነበረች። ስለዚህ ልዩነቱን ሰማች።

ከዚያ የልምምዱ ጊዜ መጣ። አማካሪው እንደነገራቸው፣ ቪዛው ከመወሰኑ በፊት ከዩኒቨርሲቲው በኩል ለወላጅ ስልክ ይደወላል። አባትየው ኳታር ውስጥ ክሬን ላይ ስለሚውል ስልክ አያነሣም፤ የተሰጠው ቁጥር የቴክማያ ነው። የታችኛው መንደር አንዲት እናት ተደውሎላት፣ ልጅሽ ሲጨርስ ምን ያደርጋል ሲሏት፣ “እኔ ምን አውቄ” አለች። ልጁ ፓስፖርቱን እንደያዘ ቀረ። ይህን የማያውቅ ሰው በአካባቢው አልነበረም።

አኑፓ ድምፅዋን አወፍራ ትጠይቃለች። ቴክማያ ሽንኩርት እየላጠች ትመልሳለች።

“ልጅዎ ምን ልትማር ነው?”

“ቢግ ዳታ፣ ምላስ ወደ ላይ።”

“ምላሱን አትናገሪ፣ እማ! ዝም ብለሽ ዳታ በይ።”

“ዳታ።”

“ለምን እዚህ አትማረውም?”

“እዚያ መምህሩም መሣሪያውም የተሟላ ስለሆነ።”

“ስትጨርስስ?”

ቴክማያ ሽንኩርቱን ገለበጠችው። “ሆስፒታል ወይም ወተት ማኅበር ወይም ጎርፍ...”

“ቀጥዪ። ‘ወደ አገሯ ተመልሳ።’”

“ወደ አገሯ...”

“ተመልሳ።”

“ዓይኔን አቃጠለኝ” አለች ቴክማያ። “ነገ እለዋለሁ።”

በማግስቱ የሚላጠው ድንች ነበር። እሱም አላስቻላትም። ሌላው ሁሉ እንደ ውኃ ይወርዳል፤ እዚያች ላይ ሲደርስ ይቆማል። አኑፓ መጀመሪያ ቀለደች፣ ከዚያ ለመነች፣ በመጨረሻ ተቆጣች።

“ይህን አንድ ነገር ባትዪ የሁለት ዓመት ልፋቴ ገደል እንደሚገባ ታውቂያለሽ?”

“አውቃለሁ።”

“ታዲያ በይዋ!”

“ሲደውሉ እላለሁ” አለች ቴክማያ። ያን ጊዜ እንደምትል ከልቧ ታምን ነበር።

ስልኩ የጮኸው በትምህርት ሰዓት ነው። ቴክማያ ቁጥሩን አይታ አላወቀችውም። ለማንሣት ስታመነታ ፑትሊ ዲዲ ነጥቃ ድምፅ ማጉያውን ከፈተችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሳጉን ሚስ በሩን ዘጋች።

“ጤና ይስጥልኝ፣ እናቴ” አለ አንድ ሰው። ወጣት ድምፅ ነው፣ የእኛው አገር ሰው። “የአኑፓ እናት ነዎት?”

“ነኝ።”

“ብቻዎን ነዎት?”

ቴክማያ ዙሪያዋን አየች። አሥራ ምናምን ሴቶች እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል። “አይደለሁም። ትምህርት ቤት ነኝ።”

“አስተማሪ ነዎት?”

“ተማሪ ነኝ።”

አንዷ ከኋላ ሳቋ አመለጣት። ሰውየው ቀጠለ። “ልጅዎ ምን ልትማር ነው?”

“ቢግ ዳታ። ሰጪው አይደለም፣ ያኛው።”

“እሺ፣ ያኛው” አለ ሰውየው፤ ድምፁ ውስጥ ፈገግታ ነበር። “ምን ዓይነት ትምህርት ነው እሱ?”

እና ቴክማያ ነገረችው። ከሚኒባስ ቀድማ ስለምትወርደው ልጅ፣ ስለተሸጠው ፍየል፣ ሰላምታ ስለማይመልሰው አጎት። ፑትሊ ዲዲ ስሟ እስኪጠራ አንገቷን አስግጋ ጠበቀች። ቴክማያ ቀጠለች፤ ስለ ተቅማጡ፣ ስለ ጎርፉ፣ ስለሚቀጥነው ወተት ተናገረች። አንድም ቦታ አልተሰናከለችም።

“እናቴ፣ ይቅርታ” አለ ሰውየው፣ “ይህን የጻፈልዎት ሰው አለ? እያነበቡ ነው?”

“ወንድሜ” አለች ቴክማያ ተቀይማ፣ “እንዲህ አድርጌ በፍጥነት ማንበብ ብችል እዚህ ክፍል ምን እሠራለሁ?”

አሁን ሁሉም ሳቁ፤ ሰውየውም ሳቀ። ሳጉን ሚስ እንኳ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዞረች።

“ጥሩ። የመጨረሻው ጥያቄ። ስትጨርስ ትመለሳለች?”

ሳቁ ቆመ። ፑትሊ ዲዲ ድምፅ ሳታሰማ አፏን ከፍታ “ት-መ-ለ-ሳ-ለ-ች” አለች። ከጎኗ ያለችውም እንዲሁ። ሴቶቹ ሁሉ እንደ ዓሣ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ቴክማያ አየቻቸው።

“አላውቅም” አለች።

ፑትሊ ዲዲ ግንባሯን በእጇ መታች።

“አያውቁም?”

“ባሌ ሁለት ዓመት ብሎኝ ነው የሄደው። ዘንድሮ አሥራ አንድ ሞላው። ሲሄድ ግን አልዋሸኝም፤ ሁለት ዓመት መስሎት ነበር።” ስልኩን ወደ ራሷ ሳበችው። “እኔ የምጠይቅዎት ነገር አለ። እርስዎ ስንት እናት ጠይቀዋል?”

“ብዙ። በጣም ብዙ።”

“እንግዲያው መልሱ ያለው እርስዎ ጋ ነው። ያ ሁሉ አንድ ላይ ሲታይ ምን ይላል? እንመለሳለን ካሉት ስንቱ ተመለሰ?”

በስልኩ ውስጥ ከሩቅ የጽሕፈት ማሽን የሚመስል ነገር ይንጫጫል፤ ሌሎች ሰዎችም ሌሎች እናቶችን ያናግራሉ።

“እናቴ፣ እኛ የምንደውለው ከመሄዳቸው በፊት ነው” አለ። “ከሄዱ በኋላ አንደውልም።”

“ማንም አይደውልም?”

“እኔ እስከማውቀው፣ ማንም።”

“ታዲያ ምን ዓይነት ዳታ ነው ይኼ? ግማሹ የለም እኮ።”

“እውነት ነው፤ የለም” አለ ሰውየው። አመስግኖ ዘጋ።

ቴክማያ እቤቷ ሳትደርስ ወሬው ቀድሟት ደርሷል። አኑፓ በሩን ዘግታለች። ቴክማያ ሩዝና ምስሯን ሠርታ ከበሩ ሥር አስቀመጠች፤ ቀዘቀዘ። ጎሿን አለበች። ተመልሳ መጥታ ሳህኑን አየችው፤ አልተነካም። ከበሩ ውጭ መሬት ላይ ተቀመጠች።

“ለምን?” አለች አኑፓ ከውስጥ። “አንድ ቃል እኮ ናት። ለምን አቃተሽ?”

“ነግረሽኝ ስለማታውቂ።”

“በየቀኑ አይደል ስነግርሽ የነበረው!”

“እንድለው ነው ያስተማርሽኝ። ለኔ፣ ለናትሽ፣ እመለሳለሁ ብለሽ ነግረሽኝ አታውቂም። አንድም ቀን።”

ከዚያ የበሩ መቀርቀሪያ ተነሣ። አኑፓ ዓይኗ አብጦ ወጣችና እናቷ አጠገብ ተቀመጠች፤ ቀዝቃዛውን ሳህንም ወደ ጭኗ ሳበችው።

“አላውቅማ፣ እማ” አለች በቀስታ። “እውነቴን ነው። አላውቅም።”

“እኔስ ምን አልኩት?”

አኑፓ የጎረሰችውን ይዛ አየቻት። ከዚያ ሁለቱም እንዳይስቁ ታገሉ፤ አልተሳካላቸውም። አኑፓ ምስሩ ጨው እንደሌለው ተናገረች። ቴክማያ ጨዉን ፑትሊ ዲዲ ጨርሳ እንደወሰደችው ነገረቻት። ስለ ስልኩ ያን ቀን ሌላ ነገር አላነሡም፤ ግን አኑፓ ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ስልኳ በጮኸ ቁጥር ትደነግጥ ነበር፤ ቴክማያም ልጇ በደነገጠች ቁጥር ወደ በረቱ ትገባለች። ልጄን ያስቀረኋት እኔ ነኝ ብላ ለጎሿ ነግራታለች። ቀጥላ ደግሞ፣ ብትቀር ደስ እንደሚላት፣ ደስ ስለሚላትም እንደምታፍር ነገረቻት። ይህን ለሰው አልተናገረችም።

ሴቶቹ ክፍል ውስጥ በሁለት ተከፍለው ተከራከሩ። ግማሹ ቴክማያ ልጇን በገዛ አፏ አሰናከለቻት አሉ። ፑትሊ ዲዲ ግን፣ “ያ ሰውዬ ፍየሉን ስትነግሪው ነው የተማረከው፤ ወሬዬን ሰምቶ እምቢ ያለ ሰው የለም” እያለች ጸናች።

የቪዛው መልስ ሲመጣ አኑፓ ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር። ቧንቧው ጋ ስልኳን ከፍታ አነበበች፤ ደግማ አነበበች። ሴቶቹ ፊቷን አይተው ምን እንደሆነ መለየት አልቻሉም። እንስራዋን እዚያው ትታ ዳገቱን ሮጠች። ቴክማያ በረት ውስጥ ነበረች፤ ልጇ በሩ ላይ ቆማ፣ ትንፋሽ አጥሯት፣ ስልኩን ዘረጋችላት።

“አንብቢልኝ” አለች ቴክማያ።

“ራስሽ አንብቢው። ወደኛ ቋንቋ ቀይሬልሻለሁ።”

ቴክማያ እጇን በቀሚሷ ጠራረገች። ረጅም ነበር። ጣቷን እያስከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ሄደች፤ “ተ... ፈ... ቅ...” ስትል አኑፓ ትንፋሿን ያዘች። “...ዷል” አለች ቴክማያ። ከዚያ ያነበበችውን ቃል ትርጉም ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ወሰደባት።

ለምን እንደተፈቀደ ማንም አልነገራቸውም። የቴክማያ ንግግር ጠቀመ ወይስ ጎዳ፣ የሚያውቅ ሰው ካለ አልደወለም። ባሏ ለስንብቱ ከኳታር ሦስት ሳምንት ፈቃድ ወስዶ መጣ። ካርቢር ባጄ በልጅቷ ግንባር ላይ በእርጎና በሩዝ ቲካ፣ የምርቃት ምልክት፣ አኖሩላትና፣ ስለ ጣራው ምንም ሳይሉ፣ ጣራ ወደሌለው ማረፊያ ብዙ ጊዜ ተመለከቱ። አኑፓ የእናቷን እግር ነክታ ተሰናበተች። እመለሳለሁ አላለችም። “እደውላለሁ” አለች፤ እሱን ታውቀዋለችና።

አኑፓ ዝናቡ ሳይገባ ሄደች። አባቷ ከአራት ቀን በኋላ ወደ ክሬኑ ሄደ። ሳጉን ሚስም ለካ ጃፓንኛ ስታጠና ኖራለች፤ ፈተናዋን አልፋ በመጸው ወደ ጃፓን ሄደች። ቴክማያ ቀረች።